የባህል ምሽት ቤት ሲከስር ተወዛዋዡ እስከ መቼ ይቆይ?

ጥያቄው፦
አዲስ አበባ ውስጥ በባህል ምግብ ቤቶችና በአዝማሪ ቤቶች የሚሠሩ ተወዛዋዦች፣ ድምፃውያንና ማሲንቆ ተጫዋቾች እንግዳ ሲቀንስ ከባለቤቱ የሚቀርብላቸው ልመና፣ ገቢው እስኪያንሰራራ ድረስ በግማሽ ደመወዝ እንዲታገሡ ነው። የሚለቅ ሰው ከሃዲ ይባላል፤ የሚቆየውም አንድ ምሽት በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ባለሙያው እስከ መጨረሻው የመቆየት ግዴታ አለበት ወይ?

ማሲንቆ ተጫዋች፦
እኔ አለበት እላለሁ። ቡድን እንደ ወንበር በማግሥቱ ተገዝቶ የሚተካ ነገር አይደለም፤ ከበሮ መቺው የተወዛዋዡን ትከሻ አይቶ ምቱን የሚቀይርበት መግባባት ብዙ ወራት ይፈጃል፣ አንድ ሰው ሲወጣም የቀሩት ሁሉ ሥራቸው ይጎዳል። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በካዛንቺስ በነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ደመወዝ ሳይኖረው ከእንግዳ በሚያገኘው ሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ሌሊቱንም እዚያው እያደረ ዓመታት ቆይቷል፤ በኋላም ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፣ ከቡድኑም ጋር በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ታየ። በክፉ ቀን የሚሸሽ ሰው እንዲህ ያለ ቤት አያቆምም።

የቀድሞ ተወዛዋዥ፦
ጋሼ፣ የመላኩን ጽናት እኔም አከብራለሁ፤ ነገር ግን እርሱ በመጨረሻ የቤቱን ቁልፍ በእጁ አስገብቷል፣ አብዛኞቻችን ግን ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እንኳ ሳይነገረን ነው የምንቆየው።

እኔ ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ተወዛውዣለሁ። በመጨረሻው ዓመት ገበያው መቀዝቀዝ የጀመረው በሁዳዴ ስለነበር ማናችንም አልደነገጥንም፤ በ55ቱ የጾም ቀናት ምሽት ቤት ጭር ማለቱ የተለመደ ነው፣ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ባለቤቱ «ፋሲካ ይግባ» አሉን፤ ፋሲካ ገባ። «ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ፣ የሠርጉ ሰሞን ይመጣል» አሉን፤ እርሱም መጣ፤ ደመወዛችን ግን ግማሽ እንደሆነ ቀረ። ቤቱን ለሌላ ነጋዴ ለማስተላለፍ ገና በጾሙ ሲነጋገሩ እንደነበር የሰማነው ከጥበቃው ነው፣ ያውም ከተዘጋ በኋላ። በዚያ መካከል ሌላ ቤት ተወዛዋዥ ፈልጎ ሲጠራኝ «ቤቴን ጥዬ አልሄድም» ብዬ መልሻለሁ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በእኛ ሙያ ጉልበት ከዚያ በኋላ ብዙ አይጠብቅም። የቀረብኝን ብር ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት፣ እኔ ታማኝነት ያልሁትን እርሳቸው ገዢ እስኪያገኙ ድረስ የቤቱ መብራት እንዳይጠፋ ማቆያ ማድረጋቸውን ነው።

እስቲ የአሜሪካውን የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ እንመልከት። ዝሆኖቹን በ2008 ዓ.ም. ከትርኢት ካወጣ በኋላ የትኬት ሽያጩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ሠራተኞቹ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሰርከሱ ባቡር ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ፣ ሊዘጋ መሆኑን የሰሙት በጥር 2009 ዓ.ም. ሲሆን የመጨረሻው ትርኢት የታየው ግንቦት 13 ቀን ነው። ሥራቸውንና መኖሪያቸውን አንድ ላይ እንደሚያጡ እያወቁ አራት ወር ያህል መድረክ ላይ ወጥተዋል። እኔ ታማኝነት የምለው ይህን ነው፤ ተነግሯቸው፣ አስበውበት፣ መርጠው ቆዩ።

የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ፦
ከስሜቱ ጎን ሒሳቡንም ማየት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የጽሑፍ ውል አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ስምንት ዓመት ላገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ሰባት ዓመታት በየዓመቱ የ10 ቀን፣ በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን፣ በድምሩ የ160 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን በአብዛኛው ስንብት አያገኝም፤ ስለዚህ መቆየት በሕግም ዋጋ አለው። አደጋው ያለው ስሌቱ ላይ ነው፤ ክፍያው የሚታሰበው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ስለሆነ፣ በግማሽ ደመወዝ የተስማማ ሰው ስንብቱም በግማሹ ሊሰላበት ይችላል። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማትማ ከደመወዝ አይቆጠርለትም።

ማሲንቆ ተጫዋች፦
የመጨረሻውን ሳምንት ነገር አላውቅም ነበር፤ ብዙ ባልደረቦቼም እንደማያውቁት እርግጠኛ ነኝ። ሆኖም ባለቤቱ መክሰሩን በይፋ ከተናገረ ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን ያዳርሳል፤ እንግዳው ይቀራል፣ በዱቤ የሚያቀርበው ነጋዴም እጁን ይሰበስባል፣ ሊተርፍ ይችል የነበረ ቤት በባለቤቱ አንደበት ይወድቃል። ይህንንም ፍርሃት መረዳት ይገባል።

የቀድሞ ተወዛዋዥ፦
ስጋትዎ እውነት ነው፤ እኔም ለከተማው ይነገር አላልሁም። ግማሽ ደመወዝ ሲጠየቅ፣ ሙሉ ደመወዙ እንዳልተለወጠ፣ የቀረው ግማሽ ዕዳ እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል በወረቀት ይስፈር፤ ቤቱን ለማስተላለፍ ንግግር ሲጀመርም ለቡድኑ ይነገር። እርሳቸው ይህን ፈርመው ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ ለጠራኝ ቤት የሰጠሁት መልስ ዛሬ አይጸጽተኝም ነበር።