ክርክር፦ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ክረምት የግልገል ዓባይ አፍ ለመረብ ይዘጋ?

አወያይ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት አፍና ወንዙ ራሱ ለማንኛውም መረብ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ገበያውን ይሞላዋል። በበኩሌ ይዘጋ ባይ ነኝ። ዕዳው ግን አጥማጁ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አልፈልግም። በመጀመሪያ የምታውቁትን ንገሩን። ስድብ የለም።

መምህር (ዳንግላ፣ ባዮሎጂ)

እኔ ልጀምር። ጣና ላይ «ነጭ ዓሣ» የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ 15 ያህል ዝርያ ለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ አያሳልፍም። ስለዚህ የእኛዎቹ ለብቻቸው ቀርተው እዚሁ ተለያዩ። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ይህ በጣም የሚደንቅ ነገር ነው። ነጭ ዓሣ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅም ተመሳሳይ ስብስብ ነበረው። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልክ ያጣ ማጥመድ አጠፉት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም። ዝናቡ ሲጠና ከሐይቁ ተነሥተው ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በትልቁ ወንዝ አድርገው ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ድረስ ይዘልቃሉ። የሚፈልጉት ጥልቀት የሌለው፣ ፈጠን ብሎ የሚፈስ፣ ሥሩ ንጹሕ ጠጠር የሆነ ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ይገባል። በጠጠሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ አየር ያቀብለዋል። ደለል ከላይ ከተኛበት ግን ታፍኖ ይሞታል። የተረፉት ጫጩቶች ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እድገታቸው አዝጋሚ ነው፤ ለመውለድ እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጃሉ።

የወንዙን አፍ የተለየ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሐይቅ ላይ ተበትኖ የከረመ ዓሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ በር ሊያልፍ ይመጣል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው የዚያን ዓመት ወላጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የነበረው ምርት ሲነጻጸር፣ በባሕር ዳር በኩል የሚያዘው ነጭ ዓሣ በክብደት 75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ዘጠና በመቶ እስኪደርስ እንጠብቅ?

አጥማጅ (ቁንዝላ)

መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ያሉት እውነት ነው። ዓሣው መቼ እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንዱን ዓሣ ሆዱን ጫን ስታደርገው ነጭ ፈሳሽ ከወጣ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ሁልጊዜም ወንዶቹ ቀድመው ይመጣሉ።

ግን እስቲ እኔን ስሙኝ። አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያጠምዱት። ናይለን መረብና ሞተር ጀልባ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያመጣውም ፕሮጀክት ነው። አምጡልን ያልነው እኛ አይደለንም። «አምርቱ» ተባልን፣ አመረትን። አሁን ደግሞ ዓሣውን ጨረሳችሁት ተባልን።

ወሩንም ተመልከቱት። መስከረም ደብተር የሚገዛበት፣ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ነው። ለዘመን መለወጫ ዶሮው አለ፤ ቅቤው አለ። እኔ ጋ ሌላ ገቢ የለም። መሬት የለኝም። ዝጉ ስትሉ ከምን ልብላ?

ደግሞስ ሁልጊዜ አጥማጁ ብቻ ለምን ይጠየቃል? የግልገል ዓባይ ገባር የሆነው ቆጋ ላይ ግድብ ሲሠራ ዓሣው በየት ይለፍ ብሎ የጠየቀ አለ? ላይኛው አገር ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚደፋውን ማን ያዘው? እኛ መረብ ብንዘረጋ የመረቡ ዓይን ያሳለፈው ያልፋል። ብርብራ ግን ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ሁሉንም አስክሮ ያንሳፍፋል።

ገበሬ (መራዊ)

አያ፣ ቆጋን ከጠሩ መልስ መስጠት የእኔ ድርሻ ነው። ግድቡ ሳይኖር በፊት በዓመት አንዴ ነበር የምናመርተው። ዝናብ ቀረ ማለት ተራብን ማለት ነበር። ዛሬ በበጋ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ስንዴውን እናነሣለን። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ነው የተሠራው። ዓሣ ይጠበቅ የሚል ሰው በዚያው ግድቡ ይነካ ካለ እኔ የለሁበትም።

እርግጥ ዓሣው ድሮ እኛ ጋ ይደርስ ነበር። ታላላቆቻችን ክረምት ላይ በቆጋ ስለሚያልፈው ዓሣ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ልጆቻችን አያውቁትም።

መምህር (ዳንግላ)

ወንድሜ፣ ግድቡ ይፍረስ ያለ የለም። ግን ዓሣ ማሳለፊያ ሳይኖረው መሠራቱን መካድ አንችልም። መንገዱ የተዘጋበት ዓሣ ግድብ ሥር ተሰብስቦ ይቀራል፤ በእጅም የሚያዝ ይሆናል። ቻይና ያንግዜ ወንዝ ላይ ሜትሮች የሚረዝም፣ አፍንጫው እንደ መቅዘፊያ የሆነ ዓሣ ነበር። ገጆባ የሚባለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1981 ወንዙን ዘጋበት። የታችኞቹ ላይኛው መውለጃ መድረስ አቃታቸው። ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየው በ2003 ነው፤ በ2022 ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ዓሣው ግድቡ እንደተዘጋ ወዲያው አላለቀም። ያረጁት ለዓመታት ይታዩ ስለነበር ሰው «አለ እኮ!» ይል ነበር። እኛም «አሁንም ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ አለ» እያልን እንዳንዘናጋ እፈራለሁ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ክትትል የሚደረግባቸው ተጓዥ የንጹሕ ውሃ ዓሦች ብዛት እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2020 በአማካይ 81 በመቶ ወርዷል። ዋናዎቹ ምክንያቶችም እዚህ የምናወራቸው ናቸው፦ ግድብ፣ ልክ ያጣ ማጥመድ፣ የወንዝ መበላሸት።

ምግብ ቤት ያላት (ባሕር ዳር)

እኔ ከገዢው ወገን ነኝ፤ ሐቁን ልናገር። ክረምት ላይ የሚመጣልኝን ነጭ ዓሣ ስከፍተው ሆድ ዕቃው የታለ እስክል ድረስ እንቁላል ነው። ከአንዱ ዓሣ ብቻ ጎድጓዳ ሳሕን ይሞላል። አውጥቼ እጥለዋለሁ። ሥጋው ደግሞ በዚያ ሰሞን የከሳ ነው። ደንበኛ ግን ይፈልጋል። ፍልሰታ የሚውለው ልክ ዓሣው በሚወጣበት ነሐሴ ላይ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። የሚበላው ሰው ብዙ መሆኑን ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ በእነዚያ ወራት ቀረሶ (ቲላፒያ) እንሽጥ። ቀረሶ ወንዝ አይወጣም፤ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። እኛ ነጭ ዓሣ አንገዛም ካልን የወንዙ አፍ ላይ የሚያድር መረብ ይቀንሳል። ጥብሱም ጉላሹም በቀረሶ ይሠራል። አንድ ምግብ ቤት ብቻውን ቢያቆም ግን ደንበኛው ጎረቤት ነው የሚሄደው። ሁላችንም እኩል ማቆም አለብን።

አጥማጅ (ቁንዝላ)

እህቴ፣ ቀረሶውስ ቢሆን የት አለ? ዓይኑ ጠባብ የሆነ ስስ የፕላስቲክ መረብ ከገባ ወዲህ ጣት የምታክለዋም እየተያዘች ነው። እምቦጩ ደግሞ ዳር ዳሩን ይዞታል። ያልሽው ግን አይከፋም። መሐል ሐይቅ ክፍት ይሁን፤ አፉ ብቻ ይዘጋ ከተባለ መነጋገር ይቻላል።

ከሰከላ

ከላይኛው አገር አንድ ነገር ልጨምር። ግልገል ዓባይ የሚነሣው ከእኛ ነው። ብርብራ ስለሚባለው አያ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ዛሬም የሚያደርገው አለ። ከብርብራው የባሰው ግን አፈሩ ነው። ተዳፋቱ ሁሉ ታርሷል። ሐምሌ ላይ ወንዙ የሚወርደው ቀይ ሆኖ ነው። መምህሩ ያሉት ጠጠር በዚያ ደለል ሥር ነው የሚቀበረው። ለግንባታ ተብሎም አሸዋውና ጠጠሩ በመኪና ከወንዝ ይዛቃል። ዓሣው በሩን አልፎ ቢመጣ እንኳ የሚያርፍበትን እያነሣንበት ነው።

አወያይ (ባሕር ዳር)

የሁላችሁንም አነበብሁ። አቋሜ አልተለወጠም፤ ግን ጠበብ አድርጌ ላቅርበው።

ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። መዘጋት ያለበት የወንዙ አፍና ወንዙ ነው፤ ያውም በእነዚያ ሳምንታት ብቻ። ዓሣውን አንድ ቦታ ላይ የሚሰበስበው ፍልሰቱ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ጠብቆ ብዙ ማትረፍ ይቻላል። እንዲህ ያለ ዕድል በሌላ ሀብት ላይ አይገኝም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ወንዙ ዳር የሚቆም ሰው ነው።

ዕዳውን በተመለከተ አጥማጁ ትክክል ነው። ከወንዙ ሁሉም ይጠቀማል፤ «ተው» የሚባለው ግን ታንኳ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቆጋ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሰጥቷል። ለዓሣው ግን አንድ መተላለፊያ መንገድ ዘግቷል። ስለዚህ የመስኖ ተጠቃሚው፣ ምግብ ቤቱና አሸዋ የሚጭነው ትንሽ ትንሽ አዋጥተው፣ በዝግ ሳምንታት ለአጥማጁ የሚከፈል ነገር ይኑር። ይህን እንደ ምጽዋት አላየውም። አጥማጁ የሚተወው ዓሣ የሁላችንም ነው።

ገበሬ (መራዊ)

መዋጮው ስንት እንደሆነና ማን እጅ እንደሚገባ ሳይታወቅ እሺ አልልም። ከዚህ በፊት ያዋጣነው የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ አለ። ሒሳቡ በየቀበሌው በግልጽ የሚነበብ ከሆነ ግን ለጎረቤቶቼ እኔው አስረዳለሁ። አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ሌላ ግድብ ሲታሰብ የዓሣው መንገድ ከመጀመሪያው ዲዛይን ላይ ይግባ ብንል የሚሰማን አለ?

መምህር (ዳንግላ)

መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። ከተሠራ በኋላ መጨመር ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሠራም። ለሳልሞን ዓሣ ግድብ መሻገሪያ የተሠራ መሰላል እንዳለ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲተከል ዓሣው አልወጣ ያለበት አገር ብዙ ነው። የእኛ ዓሣ ምን ያህል እንደሚዘል፣ ስንት ፍጥነት ያለው ውሃ ተጋፍቶ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መጠናት አለበት።

አጥማጅ (ቁንዝላ)

እንግዲያው የእኔን ስሙ። ክፍያው ከዘመን መለወጫ በፊት ይሰጥ። የሚጠብቁት ሰዎችም ከእኛው ይመረጡ፤ ጨለማ ውስጥ መረብ የት እንደሚጣል የምናውቀው እኛ ነን። ከላይ ብርብራ የሚደፋውም፣ ስስ መረብ የሚሸጠው ነጋዴም እኩል ይጠየቅ። ይኼ ከተደረገ እኔ የመጀመሪያው ሆኜ መረቤን አነሣለሁ። ካልተደረገ ግን ሐምሌ ላይ እዚያው ነኝ።