ተንደርበርድ ላይ የቢሮ የጋራ ካሌንደር፦ አንዱ ያያል፣ ሌላው አያይም፣ ሌላው ደግሞ መጻፍ አይችልም

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 9 ሠራተኞች ላሉት ቢሮ የጋራ ካሌንደር እየተዘጋጀ ነው። ሁሉም ኢሜይላቸውን የሚያነቡት በተንደርበርድ ነው። ሰርቨሩ ዴቢያን የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ በላዩ ራዲካሌ 3 (የካሌንደር ሰርቨር ፕሮግራም) ይሠራል፣ ከፊቱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት ኤንጂንኤክስ አለ፣ ኤችቲቲፒኤስም በትክክል ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ተሰጥቷል። «ኦፊስ» በሚባል ዩዘር ሥር ሦስት ካሌንደሮች አሉ፦ ስብሰባ፣ የመኪና ስምሪት እና የዓመት ፈቃድ። የዓመት ፈቃዱን የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ያያል፤ ሁለቱን ግን ሁሉም ሰው መጻፍ አለበት።

ያሉት ችግሮች እነዚህ ናቸው። ሠራተኛው በራሱ ስም ገብቶ «ፋይንድ ካሌንደርስ» ሲል የጋራዎቹ በዝርዝሩ ውስጥ አይመጡም። ሙሉ አድራሻው ሲሰጠው ካሌንደሩ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ሲያስገባ ግን ሎጉ ላይ 403 (አልተፈቀደም) ይወጣል። በዚያ ላይ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበ ስምሪት ሌሎቹ ላይ አንዳንዴ ጨርሶ አይታይም፤ ኢንተርኔትና መብራት በተቆራረጠ ቀን ይብሳል። የራዲካሌ መብቶች በሚጻፉበት ራይትስ ፋይል ውስጥ ለሁሉም ትልቁ አር (R) እና ትልቁ ደብሊው (W) ተሰጥቷል። ምን ቀረ?

ፖርት_5232፦

ሰላም። ሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎችህ የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ ለየብቻ እንያቸው።

ተንደርበርድ ካሌንደር ሲፈልግ ሰርቨሩን የሚጠይቀው «የዚህ ዩዘር ቤት (ካሌንደሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ) የት ነው?» ብሎ ነው። ሰርቨሩ የገባውን ሰው ቤት ይነግረዋል፣ ተንደርበርድም እዚያ ውስጥ ያገኘውን ብቻ ይዘረዝራል። የጋራዎቹ ካሌንደሮች ያሉት በኦፊስ ቤት ስለሆነ፣ መብት ቢኖረውም በፍለጋው አይመጡለትም። ኔክስትክላውድ በሚባለው ሌላ ሰርቨር ላይ ይህ ችግር የለም፤ አንድ ካሌንደር ሲጋራ በተቀባዩ ቤት ውስጥ እንደ ራሱ ሆኖ ይታያል። ራዲካሌ ላይ ግን የእያንዳንዱን ካሌንደር ሙሉ አድራሻ መስጠት አለብህ። በብሮውዘር የራዲካሌን ገጽ ክፈት፣ በኦፊስ ስም ግባ፤ ከእያንዳንዱ ካሌንደር ሥር አድራሻው ተጽፏል። መጨረሻው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ እንዳለ ከነመዝጊያው ስላሽ ቅዳው። ተንደርበርድ ላይ ኒው ካሌንደር፣ ኦን ዘ ኔትወርክ ብለህ በዩዘርኔም ቦታ የሠራተኛውን ስም፣ በሎኬሽን ቦታ ይህን አድራሻ አስገባ። የኦፊስን ፓስወርድ ለማንም አትስጥ። ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ማን ምን እንደሰረዘ ሎጉ ሊነግርህ አይችልም።

403 የሚመጣው ከፊደሉ መጠን ነው። ራዲካሌ 3 ላይ ትልቁ አር እና ትልቁ ደብሊው የሚመለከቱት ከካሌንደርና ከአድራሻ ደብተር ውጭ ያለውን ነው፣ ማለትም ሥሩንና የዩዘሩን ቤት። ካሌንደሩንና በውስጡ ያሉትን ቀጠሮዎች የሚያስነብበው ትንሹ አር፣ የሚያስጽፈው ትንሹ ደብሊው ነው። እስካሁን መነበቡ ሌላ ቦታ ትንሹ አር ተሰጥቶ ይሆናል፤ መጻፉን ግን ማንም አልፈቀደም።

ራይትስ ፋይሉን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፈው። መጀመሪያ ኮሌክሽን የሚለው መስመሩ (መብቱ የሚመለከተው መንገድ) ባዶ የሆነ ክፍል፣ ለሁሉም ትልቁ አር ብቻ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት ትልልቆቹን አር እና ደብሊው። ቀጥሎ በራሱ ቤት ሥር ባሉ ካሌንደሮች ትንንሾቹን። ከዚያ የፈቃዱ ካሌንደር በሙሉ መንገዱ፦ ለሰው ኃይል ዩዘር ትንሹ አር እና ትንሹ ደብሊው፣ ከሥሩ ደግሞ ለሌላው ሁሉ ትንሹ አር ብቻ። መጨረሻ ላይ በኦፊስ ሥር ላለ ማንኛውም ካሌንደር ለሁሉም ሁለቱም ትንንሾች። ቅደም ተከተሉን አታዛባው፤ ራዲካሌ ከላይ ወደታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመውን ክፍል ይወስዳል። የመጨረሻው ሰፊ ክፍል ከፈቃዱ በላይ ከተቀመጠ ሁሉም ሰው የሁሉንም ፈቃድ ይጽፋል። ዋናው ኮንፊግ ላይ የራይትስ ዓይነቱ «ፍሮም ፋይል» (from_file) መሆኑን አረጋግጥና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ራዲካሌን በኤንጂንኤክስ ከንዑስ መንገድ ሥር ካስቀመጥከው «ኤክስ ስክሪፕት ኔም» (X-Script-Name) የሚለውን ሄደር መላክ አለብህ። ካልላክኸው ሰርቨሩ የሚመልሳቸው አድራሻዎች ንዑስ መንገዱ ይጎድላቸዋል፣ ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎችም ሎጉ ላይ 404 (አልተገኘም) ሆነው ይታያሉ።

ኬብል_ሰፈር፦

ለሦስተኛው ጥያቄ፦ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ካሌንደሩን በምን ዓይነት እንደጨመረው እይ። ተንደርበርድ ሲጨምር ካልዳቭ እና አይሲኤስ ብሎ ምርጫ ያቀርባል። አይሲኤስ ካሌንደሩን እንደ አንድ ፋይል ነው የሚያየው፤ አንድ ቀጠሮ ስትጨምር መላውን ፋይል መልሶ ይሰቅላል። ያ ኮምፒውተር የያዘው ቅጂ ያረጀ ከሆነ ሌሎች በመሃል የጻፉት በሙሉ ይጠፋል። 9 ሰው በሚጽፍበት ካሌንደር ላይ አንድም ኮምፒውተር በአይሲኤስ መቅረት የለበትም። ካልዳቭ እያንዳንዱን ቀጠሮ ለየብቻ ስለሚልክ ይህ አይደርስበትም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ካሌንደር ስም ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ክፈት። ተንደርበርድ ሰርቨሩን የሚጠይቀው በየ30 ደቂቃው ነው፣ ካልነካኸው። ሾፌሩ 3:05 ላይ የተመዘገበውን ስምሪት 3:30 ላይ ቢያየው የሰርቨሩ ጥፋት አይደለም። ለመኪና ስምሪቱ 5 ደቂቃ አድርገው። 9 ኮምፒውተር ለሦስት ካሌንደር በየ5 ደቂቃው ቢጠይቅ ለአሮጌ ዴስክቶፕ እንኳ ቀላል ሥራ ነው፤ ሰርቨሩ የሚመልሰው ካለፈው ጥያቄ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው።

ኦፍላይን ሳፖርት የሚለው ምርጫ በእናንተ ሁኔታ መመረጥ አለበት፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ሰው ቢያንስ የቀኑን ፕሮግራም ያያል። ግን ትርጉሙን ሁሉም ይወቅ። ኔትዎርክ ሳይኖር የተጻፈ ቀጠሮ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ከጠፋና ሰውየው ለሦስት ቀን መስክ ከወጣ ያ ስምሪት ለሦስት ቀን ለሌላው የለም። በዚህ መሃል ሌላ ሰው ያንኑ ቀጠሮ ሰርቨሩ ላይ ከለወጠው ደግሞ ሲመለስ 412 (ቀጠሮው በመሃል ተለውጧል የሚል መልስ) ይመጣል፣ ተንደርበርድም «የአንተን ጥለህ ከሰርቨሩ ላምጣ ወይስ የአንተን በላዩ ልጻፍ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ በጥድፊያ «ጻፍ» የሚል ሰው የባልደረባውን ለውጥ ያጠፋል። ለሠራተኛው ማስተማር ያለባችሁ ይህን ነው፦ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ አምጣ፣ ከዚያ የራስህን ለውጥ እንደገና ጻፍ። ለመኪናና ለስብሰባ ክፍል ደግሞ ኔትዎርክ ሳይኖር አለመመዝገብ ነው የሚሻለው፤ በስልክ ተናግሮ ኔትዎርክ ያለው ሰው ይመዝግበው።

አንድ ኮምፒውተር በግትርነት የቆየ ነገር ካሳየ ኦፍላይን ሳፖርቱን አጥፍተህ ስታበራው ቅጂውን ከዜሮ ያወርዳል። ይህን ከማድረግህ በፊት ግን ካሌንደሩን ኤክስፖርት አድርግ። ያልተላከው ወረፋ ያለው እዚያው ቅጂ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊደሎቹ ተስተካክለው 403 ቀርቷል፤ ሁለት ኮምፒውተሮችም በአይሲኤስ ተገኝተው ወደ ካልዳቭ ተለውጠዋል። አሁን የቀረው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኮምፒውተር ነው። በራሷ ስም የግል ካሌንደር አላት፣ ፈቃዱን ግን «ሰው ኃይል» በሚለው ዩዘር ነው የምትጽፈው። ሁለቱ እንደተጨመሩ አንዱ 401 (ማንነቱ አልተረጋገጠም) ይላል፤ ፓስወርዱ ግን ትክክል ነው።

ሌላ፦ ማስታወሻው ለአንዱ ጮኾ «ዲስሚስ» (ዝጋ) ሲባል ለሌሎቹ ሳይጮህ ይቀራል። ከዋሽንግተን አጋር ጋር በየሳምንቱ የሚደረገው ስብሰባም በማርች ወር በአንድ ሰዓት ተዛብቷል።

ፖርት_5232፦

ተንደርበርድ ፓስወርድ የሚያስቀምጠው በሰርቨሩ አድራሻ ስለሆነ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ዩዘር ሲመጣበት የአንዱን ለሌላው ይልካል። ሴቲንግስ፣ ጄነራል፣ ከታች መጨረሻ ኮንፊግ ኤዲተር ክፈትና «ካሌንደር.ኔትወርክ.መልቲሪልም» (calendar.network.multirealm) የሚለውን ትሩ አድርገው። ከዚያ በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ካሉት የተቀመጡ ፓስወርዶች የዚህን ሰርቨር ብቻ ሰርዝና ተንደርበርድን ዘግተህ ክፈት። ለእያንዳንዱ ካሌንደር ለየብቻ ይጠይቃታል። ከዚህ የሚቀለው ግን «ሰው ኃይል» የሚለውን ዩዘር ትቶ በራይትስ ፋይሉ ላይ የፈቃዱን የመጻፍ መብት ለእሷ ስም መስጠት ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢተካት አንድ መስመር ትለውጣለህ፣ በቃ።

ቀጠሮ_አክባሪ፦

ማስታወሻውን በተመለከተ፦ ተንደርበርድ «ዲስሚስ» ስትለው ያንን የሚመዘግበው በራሱ በቀጠሮው ውስጥ ነው፣ የተለወጠውንም ቀጠሮ ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። ሌላው ኮምፒውተር ሲያወርደው «ይህ ታይቷል» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ በጋራ ካሌንደር ማስታወሻ ላይ መተማመን አይገባም። ስምሪቱን የሚከታተለው አንድ ሰው ካለ እሱ ላይ ብቻ «ሾው ሪማይንደርስ» ይብራ፣ ሌሎቹ ላይ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ አጥፉት። ለራሱ ማስታወሻ የሚፈልግ ቀጠሮውን ወደ ግል ካሌንደሩ ይቅዳ።

ተጋባዥ መጨመርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራዲካሌ ግብዣ አይልክም፤ የሚልከው ተንደርበርድ በኢሜይል ነው፣ ለዚያም በካሌንደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የላኪው ኢሜይል መመረጥ አለበት። የቢሮው ሰው ካሌንደሩን ስለሚያየው እሱን መጋበዝ አያስፈልግም፤ ተጋባዥ የውጭ ሰው ብቻ ይሁን። ወደፊት ወደ ኔክስትክላውድ ከሄዳችሁ ደግሞ እዚያ ሰርቨሩ ራሱ ግብዣ ሊልክ ስለሚችል፣ በተንደርበርድ በኩልም እንዲላክ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉት፤ አለበለዚያ እንግዳው ሁለት ግብዣ ይደርሰዋል።

ወደ ሰዓቱ ስመጣ፣ ካሌንደሩ አልተሳሳተም። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት ትገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት (ዩቲሲ) 3 ሰዓት እንደቀደመች ናት። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስብሰባው ለማን ሰዓት እንደሚታሰር መወሰን ያለበት ሰው ነው። በአዲስ አበባ ታይምዞን ከቀኑ 11 ሰዓት (ካሌንደሩ ላይ 17:00) ብላችሁ ከመዘገባችሁት ለእነሱ በክረምት ጠዋት 9፣ በበጋ ጠዋት 10 ይሆናል። በኒውዮርክ ታይምዞን ጠዋት 9 ብላችሁ ከመዘገባችሁት ደግሞ ለእናንተ በማርች ከ11 ወደ 10 ሰዓት ይመጣል። የቀጠሮው መስኮት ላይ ኦፕሽንስ ገብታችሁ ታይምዞን የሚለውን ስታበሩ ከሰዓቱ አጠገብ ከተማው ይወጣል። «ሎካል ታይም» የሚለውን አትምረጡ፤ ያ ቀጠሮ የትም ቢከፈት የዚያን ቦታ ሰዓት ይይዛል። በርዕሱ ላይ ሰዓት መጻፍም ተዉ። ካሌንደሩ 9:00 የሚለውን እኛ 3 ሰዓት ስለምንል «ስብሰባ 3 ሰዓት» የሚል ርዕስ ለውጭው ሰው ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይሆንበታል።

አራተኛ ካሌንደር ለበዓላት ካሰባችሁ እንቁጣጣሽን «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ብላችሁ አታስደጋግሙት። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በ2023 እንዲያ ነበር፣ በ2027ም እንዲያ ይሆናል። መስቀልም በዚያው ዓመት ወደ 28 ይገፋል፣ ጥምቀት ደግሞ በ2028 ጃንዋሪ 20 ይውላል። የዓድዋ ድል ከፌብሩዋሪ በኋላ ስለሆነ ማርች 2 ላይ ይጸናል። ፋሲካንና የእስልምና በዓላትን ግን በየዓመቱ በእጅ አስገቧቸው። ሁሉንም የሙሉ ቀን ቀጠሮ አድርጓቸው፤ ታይምዞን ስለማይነካቸው ዋሽንግተን ያለው ሰውም በትክክለኛው ቀን ያያቸዋል።

ኬብል_ሰፈር፦

ባክአፕ እስካሁን ማንም አላነሳም። የመጻፍ መብት የሰጠኸው ሰው ካሌንደሩን በሙሉ ሊሰርዝ ይችላል። ከተንደርበርድ «አንሰብስክራይብ» ማለት ከራሱ ዝርዝር ብቻ ያወጣዋል፣ ሰርቨሩን አይነካም፤ አደጋው የስረዛ ትዕዛዝ ለሰርቨሩ በሚልክ ሌላ ፕሮግራም በኩል ነው። ራዲካሌ እያንዳንዱን ቀጠሮ ለየብቻ የአይሲኤስ ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ በኮንፊጉ የስቶሬጅ ክፍል ውስጥ ሁክ በሚለው መስመር ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ጊት በሚባለው የለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ) እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል። የለወጠው ሰው ዩዘርኔም ኮሚቱ ላይ ይጻፋል፣ የተሰረዘ ቀጠሮም ከነታሪኩ ይመለሳል። ፎልደሩን ደግሞ ሌሊት ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳው። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ከሌለው ከሁሉ በፊት እሱን ግዛለት።