ትንሽ የካቶሊክ ት/ቤት ውስጥ የልጆችን እንቅስቃሴና ውጤት እንዴት እናሳይ?

እናት ከወላጅ ኮሚቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ የሚማሩት ትንሽ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ነው። በየክፍሉ አንድ ሴክሽን ብቻ ነው ያለው፤ አንዳንዱ ክፍል አሥራ ምናምን ልጅ ቢኖረው ነው። ዘንድሮ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ደግሞ በተማሪዎች እንቅስቃሴና በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ላይ ዕቅድ አምጡ ብለውናል።

ችግራችንን ልንገራችሁ። ክበብ እናቋቁማለን፣ ግን የሳይንሱም የድራማውም የመዝሙሩም ልጆች ያው እነዚያው ናቸው። አንዷ ልጅ ሦስቱም ጋ ትፈለጋለች፣ ስለዚህ አንዱም ሳይጠነክር ይበተናል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይጠራሉ፣ ይጨበጨባል፣ በቃ። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠሩት ልጆች አይለወጡም። የቀሩት ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ የላቸውም። ባለፈው አንዱን ልጅ ሳየው ነው ነገሩ የከነከነኝ፤ ስም በተጠራ ቁጥር ቀና ይላል፣ ከዚያ መልሶ አንገቱን ይደፋል። ይሄ ልጅ እኮ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየመጣ ለትንንሾቹ ወንበር የሚያስተካክል ነው፣ ማንም ሳያዘው። ይሄ የት ይጻፍለት?

ሌላው ደግሞ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆችም አሉን። ቅዳሴና ጸሎት ያለበት ዝግጅት ሲኖር እነሱን ምን እናድርግ? ለወላጆች በየወሩ የምትወጣ አንድ ገጽ ዜናም አስበናል። ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

ቾክና ሰሌዳ

እህቴ፣ እኔም የማስተምረው እንዲህ ዓይነት ት/ቤት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ይገባኛል።

መጀመሪያ ክበቦቹን ቀንሱ። ትልልቅ ት/ቤቶችን አይታችሁ ስምንት ክበብ አትክፈቱ። በአንድ ተርም አንድ ትልቅ ሥራ ያዙና ት/ቤቱ በሙሉ ይግባበት። አንዱ ተርም ድራማና መዝሙር፣ ቀጥሎ የሳይንስ አውደ ርዕይ፣ ከዚያ ንባብና ጥያቄና መልስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ያቺ ሦስት ቦታ የምትጎተተው ልጅ ታርፋለች፣ ዝምተኛውም ቦታ ያገኛል። ድራማ መድረክ ላይ የሚወጣው ልጅ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ መጋረጃ የሚስብ አለ፣ ልብስ የሚያዘጋጅ አለ፣ ከጀርባ ሆኖ ቃል ለጠፋበት የሚያስታውስ አለ። ይሄ የመጨረሻው ከባድ ሥራ ነው፣ የሁሉንም ቃል ማወቅ ይጠይቃል፤ እኔ ሁሌም የምሰጠው በጣም ለሚያፍር ልጅ ነው።

ለትንሽ ት/ቤት ተለክቶ የተሰፋ የሚመስለኝ ግን ሕያው መቁጠሪያ ነው። አንድ መቁጠሪያ 59 ፍሬ አለው፤ 53ቱ የእመቤታችን ጸሎት፣ 6ቱ የአባታችን ሆይ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍሬ ይሆናል፣ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ተራው የደረሰው ልጅ የራሱን ጸሎት ጮክ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ብዙ ተማሪ ያለበት ት/ቤት ይሄን ሲያደርግ ጥቂቶችን መምረጥ አለበት፣ የቀረው ቆሞ ያያል። እናንተ ጋ ግን ሁሉም ይደርሰዋል። ልጆቹ 59 ካልሞሉ መምህራንና ወላጆች ይግቡበት። ከበለጡ ደግሞ መስቀል የሚይዝ፣ ምሥጢራቱን (በመቁጠሪያው ጸሎት የሚታሰቡትን የኢየሱስና የእመቤታችን ሕይወት ታሪኮች) የሚያነብ፣ መዝሙር የሚመራ ያስፈልጋል። ኦክቶበር የመቁጠሪያ ወር ስለሆነ ያኔ ብታደርጉት ደስ ይላል።

ሌላው የንባብ ጓደኛ ነው። አምስተኛ ክፍሉ ከአንደኛ ክፍሉ ጋር ይጣመርና በሳምንት አንድ ቀን አብረው ያነባሉ። እኛ ጋ ንባብ የሚከብደው አንድ ትልቅ ልጅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ድምፁ አይወጣም። ለትንሿ ጓደኛው ሲሆን ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ቤቱ ወስዶ ይለማመደዋል። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ቀስ ብሎ ሲያነብላት፣ እሷ ደግሞ ገጹን ለመግለጥ ስትቸኩል «ቆይ፣ አልጨረስንም» ሲላት ብታዪው! በተርሙ መጨረሻ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ እንዲህ ያለውን ነው ውጤት የምለው።

ስፖርት ላይ ብዙ አልልም። ለአንድ ቡድን የሚበቃ ልጅ ከአንድ ክፍል ስለማይገኝ ከፍ ያሉትን ክፍሎች ቀላቅሉ።

የልጅ አባት

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር አለኝ። ደረጃ ማውጣቱን አትንኩት። ልጄ ማታ ማታ ቁጭ ብላ ታጠናለች፤ አንደኛ ስትወጣ ስሟ ተጠርቶ ቢጨበጨብላት ምን ጥፋት አለው? አሁን አሁን ሁሉም ልጅ ሰርተፍኬት ይዞ የሚገባበት ት/ቤት እየበዛ ነው። ልጆች ሞኝ አይደሉም፣ ለሁሉም የታደለ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፤ ቤት ሳይደርስ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል። ሌላውን ልጅ ለማስደሰት ተብሎ የጎበዙ ልፋት ባይሸፈን ጥሩ ነው። የካቶሊክ ት/ቤት ደግሞ ከድሮም በትምህርት ጥራቱ ነው የሚታወቀው፣ ልጄንም ያስገባኋት ለዚያ ነው።

ደብተር

የልጅ አባት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ማደል መፍትሔ እንዳልሆነ እስማማለሁ። ግን ሽልማት ራሱ እንዴት እንደሚሰጥ ማሰብ አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ፣ በማርከር መሣል የሚወዱ ልጆችን ወሰዱ። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሽልማቱ የወርቅ ቀለም ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፍኬት ነው፣ ልክ እኛ የምንሰጠው ዓይነት። ሌሎቹ ሳይነገራቸው ሣሉና በድንገት ተሸለሙ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች የሚሥሉት ሌሎቹ ከሚሥሉበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

በ1998 ደግሞ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ አምስተኛ ክፍል ልጆችን ፈተና ሰጧቸው። ሲሳካላቸው ገሚሱን «ብልህ ናችሁ»፣ ገሚሱን «በርትታችሁ ሠርታችኋል» ብለው አመሰገኗቸው። ከዚያ የሚከብድ ጥያቄ መጣና ሁሉም ተቸገሩ። ብልህ የተባሉት ቶሎ ሰለቻቸው፣ ቀጥሎ በመጣው ቀለል ያለ ፈተናም ከመጀመሪያው ያነሰ አመጡ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ። ይሄ ላንተ ልጅም ይጠቅማል ወንድሜ። አንደኛ መውጣቷ ይነገር፣ ግን ምን ሠርታ እንደሆነም አብሮ ይነገር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። እያንዳንዱ መምህር አንድ ደብተር ይያዝ፣ ከክፍሉ ልጆች ያየውን ነገር በየሳምንቱ ይጻፍበት። «ጎበዝ ነው» አይጻፍ። የተደረገው ነገር ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ። በተርሙ አጋማሽ ደብተሩ ሲገለጥ ስማቸው አንድም ጊዜ ያልተጻፈ ልጆች ይገኛሉ። እነሱን ነው ቀጥሎ በደንብ ማየት። ያ ወንበር የሚያስተካክለው ልጅ ሰርተፍኬቱ ላይ «ለትንንሾቹ በየጠዋቱ ወንበር ስላዘጋጀ» ተብሎ ይጻፍለት። ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አትጠብቁ፤ አንድ ተራ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳያስበው ጥሩት። እንዲህ ያለ ወረቀት ተጨማዶ አይቀርም።

እናት ከወላጅ ኮሚቴ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የደብተሩ ነገር በጣም ገብቶኛል። የልጅ አባት፣ ደረጃውን የማጥፋት ሐሳብ የለንም፣ ልጅህ እንደተጠራች ትቀጥላለች። አሁን የጸሎቱን ጉዳይ የሚመልስልኝ ካለ። አንዲት እናት «ልጄ መዝሙር ላይ ሳትሳተፍ ቀረች፣ ካቶሊክ ስላልሆነች ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት

የኔ እህት፣ ለዚያች እናት መልሱ ግልጽ ነው፤ መሆን አልነበረበትም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ያወጣው ሰነድ፣ ካቶሊክ ያልሆኑ ተማሪዎች የሚማሩባቸው የካቶሊክ ት/ቤቶች ለቤተ ክርስቲያን የተወደዱ መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል። የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው የሚለውም እዚያው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁት መንገዱ ይገኛል። በሩን ክፈቱ፣ ግን ወላጅን ጠይቁ። መዘመር የምትፈልግ ልጅ ወላጇ ከፈቀዱ ትዘምር። ቅዱስ ቁርባን መቀበል ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይሄን ለወላጆች ከዓመቱ መጀመሪያ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ነው፤ በቅዳሴው መሐል ልጅቷ ግራ ከምትጋባ።

አንድ ነገር አደራ የምላችሁ አለ። እምነትን ውድድር አታድርጉት። «ብዙ ጊዜ ያስቀደሰ ተማሪ» እያሉ የሚሸልሙ አጋጥመውኛል፣ በጣም ያሳዝነኛል። ልጅ ቅዳሴ የሚመጣው ወላጅ ሲያመጣው ነው፤ ታዲያ የምንሸልመው ማንን ነው? የመጀመሪያ ቁርባንም እንደዚያው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 ልጆች ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርሱ እንዲቀበሉ የፈቀዱት ጸጋ ስለሆነ ነው። ደስ ብሎን እናክብረው፣ ፎቶውም ይውጣ፣ ግን ከፈተና ውጤት ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት።

የበጎ አድራጎት ሥራ ግን ለሁሉም ይሆናል፣ ካቶሊክ ሆነ አልሆነ። የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበር በ1843 ፈረንሳይ ውስጥ በናንሲው ጳጳስ በፎርባን ዣንሶን ሲመሠረት ልጆች የተጠየቁት በቀን አንድ አጭር ጸሎትና በወር አንድ ትንሽ ሳንቲም ነበር። ልጆች ሌሎች ልጆችን እንዲረዱ ነው፣ እስከ ዛሬም በብዙ አገር አለ። እናንተም ደብተር፣ እርሳስ፣ ልብስ ብታሰባስቡ ጥሩ ነው። ግን «ከሁሉ የበለጠ ያመጣው ክፍል» ብላችሁ አታውጁ! ምንም ማምጣት ያልቻለ ልጅ እዚያው ቆሞ ይሰማል። እሱ ዕቃውን ይለይ፣ ይጠፍ፣ ካርቶን ላይ ይጻፍ።

ትልልቆቹ ክፍሎች የቅዱሳንን ታሪክ እንዲያቀርቡ ካሰባችሁ በዕድሜ የሚቀርቧቸውን ስጧቸው። ዶሚኒክ ሳቪዮ ልጆችን ያስተምሩ የነበሩት የጣሊያናዊው ቄስ የዶን ቦስኮ ተማሪ ነበር፣ በ1857 ሲያርፍ 15 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ካርሎ አኩቲስ ደግሞ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ይወድ ስለነበር ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ሠርቷል፣ በሴፕቴምበር 2025 ቅድስናው ታውጇል። ልጆቹ ስለ እሱ ሲሰሙ ጥያቄያቸው አያልቅም። «ጌም ይጫወት ነበር?» ይሉኛል። አዎ፣ ይጫወት ነበር፣ ግን ለራሱ የጊዜ ገደብ አድርጎ።

ጥግ ላይ ያለሁ

ስለ ወርሃዊዋ ገጽ ብቻ ልጨምር። የልጅ ፎቶ ከማውጣታችሁ በፊት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ስምና ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አንድ ላይ አይውጣ፣ «የአራተኛ ክፍል ተማሪ» ማለት ይበቃል። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሚደረግ ማንኛውም ልምምድ ደግሞ ሁሌም ከአንድ በላይ አዋቂ ይኑር። ጽሑፉን ልጆቹ ራሳቸው ቢጽፉት ደስ ይለኛል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ከሚያነቡት ዜና የተሻለውን ወስዳችሁ ፊደሉን ብቻ አርሙላቸው። በትልቅ ሰው ቋንቋ ገልብጣችሁ አትጻፉት፣ ወላጅ የልጁን አነጋገር ሲያየው ነው የሚያነበው።

እናት ከወላጅ ኮሚቴ

ዕቅዱን ጽፌ ለሲስተር አሳየኋቸው። በአንድ ተርም አንድ ሥራ የሚለውን ወዲያው ተቀበሉት፣ ደብተሩን ከመምህራን ጋር ልነጋገርበት ብለዋል። ለመዝሙሯ ልጅ እናትም ደውዬ ነበር፣ ልጅቷ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልምምድ ትገባለች። ሕያው መቁጠሪያውን ግን እንዲህ አሉኝ፤ «የአንደኛ ክፍል ልጆች መሐል ላይ ቢጠፋባቸውና ቢያለቅሱስ?» ቾክና ሰሌዳ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቾክና ሰሌዳ

ይጠፋባቸዋል፣ አይቀርም። ለዚህ ነው የንባብ ጓደኞቹን ቀድማችሁ ብታጣምሩ የምለው። ትንሹን ከትልቁ ጓደኛው አጠገብ አቁሙት፣ ቃሉ ሲጠፋው ትልቁ አብሮት ይላል፣ ማንም ልብ አይለውም። ማይክራፎኑን በየተራ አታዙሩ፣ ትንንሾቹ ሲይዙት ነው የሚደነግጡት። የእያንዳንዱን ልጅ ቦታ መሬት ላይ በቾክ ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ክቡ እየጠበበ መጥቶ መሐል ላይ ይከማቻሉ። አንዴ ሁለቴ ከተለማመዱ ይበቃል።