የጣና እንቦጭ ካርታ ሥራ ላይ ተቸግረናል፤ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ኮምፒውተር የነኩት ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። እነሱም እንደማንም ተመራማሪ እውነተኛ ጥናት ይገባቸዋል ብዬ፣ ጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋውን የእንቦጭ አረም ሴንቲኔል 2 ከተባለ ሳተላይት ምስል መለካት ጀመርን። ምስሉ ነፃ ነው፤ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከቀይና ዓይን ከማያየው ከኢንፍራሬድ ብርሃን የአረንጓዴነት ልኬቱን ስናሰላ፣ ደንገሉም እንቦጩም አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ። ሐይቁ ዳር ያደገች አንዲት ተማሪ፣ «ደንገል ሥር ይዞ ይቆማል፤ እንቦጭን ግን ነፋስ ይወስደዋል። ለምን የተለያየ ቀን ምስል አናወዳድርም?» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን በክረምት ደመናው ሐይቁን ይሸፍንብናል። ሴንቲኔል 1 የተባለውን ሌላ ሳተላይት ራዳር ደመና አያግደውም፤ ፋይሉ ግን ለላፕቶፖቻችን ይከብዳል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል።

ጣናን ብቻ ቆርጦ ማውረድ የሚያውቅ አለ? ራዳሩን ከተራው ምስል ጋር አጣምሮ የሠራስ? ተማሪዎቹን አንድ ሰዓት በአማርኛ ቢያስረዳቸው ትልቅ ውለታ ነው። ጥያቄዎቻቸውን ጽፈው ጨርሰዋል።