በሕዋስ ሥነ ሕይወት ትምህርት ስሞቹን ይዤ የሙከራ ውጤት ማንበብ አቃተኝ

ጥያቄ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር መምህርት ስሆን፣ ዘንድሮ ማስተርሴን ጀምሬ አድቫንስድ ሴል ባዮሎጂ የተባለውን ኮርስ እየወሰድሁ ነው። ከሥራ ስወጣ በእግሬ አራት ኪሎ ድረስ ሄጄ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አነባለሁ። ሁለት ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ የፕሮቲኖቹን ስምና ተግባር በቃሌ ልዘረዝር እችላለሁ።

የአጋማሽ ፈተናው ግን ከዚያ ውስጥ አንዱንም አልጠየቀም። የጄል (ፕሮቲኖች ተለያይተው የሚታዩበት ዝልግልግ ንጣፍ) ፎቶግራፍ ሰጥቶ፣ አንድ ዓይነት የእርሾ ፕሮቲን በሦስቱ መስመሮች ላይ ለምን በተለያየ ከፍታ እንደቆመ አስረዱ ይላል። ብዙ ደቂቃ ካፈጠጥሁበት በኋላ «ፕሮቲኖች በክብደታቸው ይለያያሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ወጣሁ። ሌሎችን ስለ ሕዋስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ነገሩ በጣም ከንክኖኛል። ይህን ኮርስ በሚገባ የተማራችሁ እንዴት አድርጋችሁ እንዳጠናችሁት ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እህቴ፣ ችግርሽ የትጋት ማነስ አይመስለኝም። በመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሕዋስ የታወቀውን ተማርን፤ አሁን የምትጠየቂው ያ ሁሉ በምን እንደታወቀ ነው። እኔ ለውጥ ያየሁት በእያንዳንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ «ይህ በምን ታወቀ?» ብዬ መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ነው።

ፕሮቲን ከተሠራበት የሽፋን መረብ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደ ጎልጂ (ፕሮቲን ተስተካክሎ ወደየቦታው ወደሚላክበት የሕዋስ ክፍል)፣ ከዚያም ከሕዋሱ ውጭ ይሄዳል የሚለውን እንውሰድ። በ1960ዎቹ ጆርጅ ፓላዴና ጄምስ ጄሚሰን ከጊኒ ፒግ ቆሽት የተቆረጡ ስስ ቁራጮችን ለ3 ደቂቃ ብቻ ጨረር አመንጪ ሉሲን (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) ሰጧቸው፤ ወዲያው በተራው ሉሲን ተኩትና ናሙና በየጊዜው እየወሰዱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ጨረር አመንጪው ሉሲን ያለበትን የሚያሳዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች መጀመሪያ ሬቲኩለሙ ላይ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ጎልጂው አካባቢ፣ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ኢንዛይም በታጨቀባቸው ከረጢቶች ላይ ታዩ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ፣ ለምን 3 ደቂቃ ብቻ ብለሽ ጠይቂ። 1 ሙሉ ሰዓት ቢሰጧቸው ኖሮ ነጠብጣቡ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይታይና የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

ይህ መንገዱን ያሳያል፤ መንገዱን ክፍት የሚያደርጉትን ዘረመሎች ግን አይነግረንም። ለዚያ የዳቦ እርሾ መጣ። ራንዲ ሼክማንና ፒተር ኖቪክ በዝቅተኛ ሙቀት ደህና የሚያድጉ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ግን ፕሮቲን ወደ ውጭ ማውጣት የሚያቆሙ የእርሾ ሕዋሳትን ለይተው በ1979 የመጀመሪያውን ውጤት አሳተሙ፤ ሼክማን በ2013 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው በዚሁ ሥራ ነው። የፈተናሽም ጄል ከዚህ ወገን ይመስለኛል። ኢንቨርቴዝ የተባለው የእርሾ ኢንዛይም ሬቲኩለም ውስጥ አነስተኛ የስኳር ሰንሰለት ይታከልበታል፤ ጎልጂ ሲደርስ ረጅም የማኖዝ (የስኳር ዓይነት) ሰንሰለት ይቀጠልበታል። ስለዚህ ሬቲኩለም ውስጥ የቀረው ቀለል ብሎ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ጄሉ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎልጂን ያለፈው ከብዶ ከላይ ይቀራል። የባንዱ (ፕሮቲኑ ጄሉ ላይ የሚሠራው ጭረት) ከፍታ ፕሮቲኑ እስከ የት እንደተጓዘ ይነግርሻል ማለት ነው።

እስቲ ይህን ሞክሪው፦ አንዱ የዘረመል ጉድለት ፕሮቲኑን ሬቲኩለም ላይ፣ ሌላው ጎልጂ ላይ የሚያስቀር ቢሆንና ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ቢገኙ፣ በ37 ዲግሪ ባንዱ የት ይቆማል?

መልስ 2

ልጄ፣ ይህን ትምህርት ለረጅም ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቋንቋው ነው። የምርምር ጽሑፍ ስታነብቢ ከሥዕሉ ሥር ያለውን መግለጫ በወረቀት ሸፍኚውና ያየሽውን በአማርኛ ጻፊ። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የመጽሐፉ ሐረግ ሳንጠራው ይመጣል፤ ያልገባንም ነገር የገባን ይመስለናል። በአማርኛ ስትጽፊ ግን «ፕሮቲኑ ታርጌት ይደረጋል» ብለሽ ማለፍ አትችዪም፤ ማን ላከው፣ ምን ምልክት ይዞ ሄደ፣ ማን ተቀበለው የሚለውን መመለስ ግድ ይሆንብሻል። ጉንተር ብሎበል በ1999 ኖቤል የተሸለመው ይህንኑ ጥያቄ በመመለሱ ነው፤ ፕሮቲኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ምልክት በራሱ አካል ላይ መኖሩን አሳየ።

ጄል ሲሰጥሽ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ ማነጻጸሪያው የትኛው መስመር እንደሆነ ፈልጊ። ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት እሱን ነው።

መልስ 3

በሳምንት አንድ ሥዕል በደንብ መፍታት ይበቃል፤ ከሥራ ጋር ከዚያ በላይ አይቻልም። እኔም መምህር ሆኜ ነው የተማርሁት።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ሁለት ቀን ይዤው ዋልሁ። መጀመሪያ ባንዱ በሁለቱ መካከል ይቆማል ብዬ ነበር። በኋላ በተባልሁት መሠረት በአማርኛ ስጽፈው፣ «ሬቲኩለሙን ያልለቀቀ ፕሮቲን ጎልጂ ሊደርስ አይችልም፤ ጎልጂ ካልደረሰም ረጅሙን የማኖዝ ሰንሰለት የሚቀጥልለት የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስሁ። ስለዚህ ባንዱ ከታች፣ ሬቲኩለም ላይ ብቻ ጉድለት ካለበት ሕዋስ ጋር እኩል መቆም አለበት። እንዲህ ሁለት ሁለቱን ጉድለት በማጣመር የትኛው እርምጃ እንደሚቀድም መለየት ይቻላል ማለት ነው።

የፈተናውን ጄልም ከማስታወሻዬ ጀርባ እንደገና ሳልሁት። የመጀመሪያው መስመር፣ ባንዱ ከላይ ሰፋ ብሎ የታየው፣ ጉድለት የሌለበት ሕዋስ ነበር። ማነጻጸሪያው እሱ ነበር።