የመጋዙ መከላከያ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የሰው ጣት ተቆረጠ፤ ለማን ነው የሚነገረው?

ጠያቂ፦ ጣውላ ቤት

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምሠራው። ስምንት ነን። የመጋዙ ማሽን ሲገዛ ዲስኩን የሚሸፍን መከላከያ ነበረው። ሥራ ያጓትታል ተብሎ ከተፈታ ሁለት ዓመት ሆነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አቧራው ከመወፈሩ የተነሳ አንዱ ልጅ በጣቱ የስልክ ቁጥር ጽፎበታል።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ጣውላ ሲሰነጥቅ እንጨቱ ቋጠሮ ነበረበትና ነጠረ። እጁ ተከትሎ ገባ። ጓንት አድርጎ ነበር፣ ግን ምንም አላተረፈለትም። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ሄደ። በባጃጅ ነው ያደረስነው። አሠሪያችን የመጀመሪያ ቀን ሕክምናውን ከፈለ። ከዚያ በኋላ "ያልተጠነቀቀው ራሱ ነው" ብሎ ዝም አለ።

ትናንት ደግሞ ወረቀት ይዞ መጣ። "ማሽኑን ያለ መከላከያ እንዳንጠቀም ተነግሮናል" ይላል። ቀኑ የስድስት ወር በፊት ነው። ነገ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ ተብለናል። የጽሑፍ ውል ማናችንም የለንም። የት ነው የሚከሰሰው? የጠቆመው ሰውስ ይታወቃል? ለጓደኛዬስ ምን ይገባዋል?

ፌሮ

አትፈርም! ሌላው ይቆይ፣ መጀመሪያ እሱን።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ለብዙ ዓመት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። በሰዉ አፍ ኢንስፔክተር የሚባለው። ያ ወረቀት ለምን እንደመጣ ልንገርህ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። "አልተጠነቀቀም" ብሎ ማምለጥ የለም። ማምለጫው ጠባብ ነው፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ መጥቶ ከሆነ ነው። አሠሪህ አሁን "በግልጽ የተሰጠ መመሪያ" እየፈለገ ነው። ከስድስት ወር በፊት ያልነበረውን ዛሬ ሊያስፈርማችሁ። የግድ ከሆነ የዛሬውን ቀን በእጅህ ጽፈህ ፈርም። ያኔ ቢያንስ ከአደጋው በኋላ እንደተፈረመ ይታያል፤ አለመፈረሙ ግን ይሻላል።

አቤቱታውን ለክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አስገባ። ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ስንለው የነበረው ነው፣ ስሙ ተቀይሯል። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳይነግራቸው መግባት ይችላል። ፎቶ ያነሳል፣ መዝገብ ያያል፣ ሠራተኛ ለብቻው ያነጋግራል። ማን እንደጠቆመ ለአሠሪው መናገር ክልክል ነው። በጥቆማ መጣሁ ማለት ራሱ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንተም ለባልደረቦችህ "እኔ ነኝ የጠራሁት" ብለህ አታውራ። እኔ በሠራሁበት ጊዜ ሚስጥሩ የሚወጣው ከቢሮ ሳይሆን ከሻይ ቤት ነበር።

አደጋ ካየ በዚህን ያህል ቀን አስተካክል ብሎ በጽሑፍ ያዛል። የሚያጣድፍ ከሆነ ወዲያው ያዛል። አሠሪው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ አጣዳፊው ትእዛዝ ግን በይግባኝ አይቆምም። ቅጣት የሚወስነው ተቆጣጣሪው ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው።

ብየዳ ሰፈር

ጋሼ ያሉት በወረቀት ልክ ነው። በተግባር የሆነውን እኔ ልንገርህ። እኛ ብረታ ብረት ቤት ነበርን። የብየዳ መነጽር የለም፣ አየር መውጫ የለም። አቤቱታ አስገባን። ሰው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለአካባቢው ሁሉ አንድ ተቆጣጣሪ፣ መኪና እንኳን የለውም። እስኪመጣ ድረስ ወሬው ደርሶ መነጽሩ ተገዝቷል፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል። "ምን ችግር አለ?" ብሎ ሄደ።

እና አሁኑኑ ፎቶ አንሳ። መከላከያው ሚስማሩ ላይ እንዳለ፣ ማሽኑም አብሮ እንዲታይ። ለራስህ በቴሌግራም ላከው፣ የተላከበት ቀን ይቀመጥልሃል። ቢሮ ስትሄድም በቃል ነግረህ አትመለስ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርግ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጥ፣ ሌላው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመታ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጠረጴዛ ላይ ያረጃል።

ሽምግልና

እኔ ግን ክስ ምንም አይጠቅማችሁም ባይ ነኝ። ሽማግሌ ላኩ፣ ሰውየው የሕክምናውን ይከፍላል፣ እንጀራችሁም አይዘጋም።

የጥብቅና ልጅ

ሽማግሌውን አልጠላም። ብዙ ጊዜ ግን የሽምግልናው መጨረሻ "ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ነው። ያንን ጓደኛህ እንዳይፈርም። የሚገባውን ሳያውቅ ምኑን ነው የሚተወው?

የሚገባውን ልንገርህ። ሕክምናው፣ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ በአሠሪው ነው። እስኪያገግም ከሥራ ሲቀር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ለስድስት ወር ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። የጣቶቹ መጉደል ደግሞ ለብቻው ይታያል። የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል። ጡረታ ተመዝግቦ ከሆነ በጡረታ ሕጉ ይስተናገዳል። ካልተመዘገበ ከአሠሪው ነው። ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ያገኛል፣ ከዚያ በታች የሆነ በጉዳቱ ልክ። ለምሳሌ በወር 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው 20 በመቶ ቢባል 96,000 ብር ነው። የጓደኛህ ስንት እንደሚሆን ቦርዱ ነው የሚያውቀው።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስጨንቅህ። የቃል ውልም ውል ነው። ደመወዝ በባንክ ወይም በቴሌብር ከገባላችሁ ታሪኩን አትሙት። የጤና ተቋሙ ካርድ ላይ "በሥራ ላይ በማሽን የደረሰ" ተብሎ መጻፉን ዛሬውኑ እዩ። "ወድቆ" ተብሎ የተጻፈ ካርድ አይቼ አውቃለሁ፣ መከራ ነው።

ክሱ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፣ እናንተ ግን ከዚያ በላይ ጠብቁ። ዓመት እንዳያልፍባችሁ ብቻ፣ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) አለው። አቤቱታ አቀረበ ተብሎ ሠራተኛ ማሰናበት ደግሞ በአንቀጽ 26 ሕገወጥ ነው። ይህን ስል አሠሪዎች አያደርጉትም እያልኩ አይደለም። "ሥራ ቀዝቅዟል" ይሉሃል። ስለዚህ አቤቱታው መጀመሪያ ይግባ፣ ቀን ይኑረው።

ፕላና

ከሕጉ ወጣ ልበልና፣ 14 ዓመት መጋዝ ላይ ቆሜያለሁ። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ጓንት አይደረግም! ጥርሱ ክሩን ይይዝና እጅህን ይስባል። ጓደኛህንም ሳይጎትተው አልቀረም። ከዲስኩ ኋላ የምትቆም ቀጭን ብረት ትኖራለች፤ የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን ቆንጥጦ እንዳይነጥር የምታደርገው እሷ ናት። አብራ ተፈትታ ከሆነ እሷንም ፈልጓት። ጠባብ ጣውላ በእጅ አይገፋም፣ ጫፉ የተቆረጠ ዱላ ሥሩ።

ጠያቂ፦ ጣውላ ቤት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ በተለይ እርስዎን።

ሳልፈርም ቀረሁ። ሦስቱ ልጆችም አልፈረሙም። አራቱ ፈረሙ፤ አልፈርድባቸውም፣ አንዱ አራት ልጅ አለው። ፎቶውን በዚያኑ ቀን በጠዋት አነሳሁ። ክፍለ ከተማ ሄጄ ማመልከቻውን አስገባሁ። መጀመሪያ "ተወው፣ እንደውልልሃለን" ብለውኝ ነበር፣ ቁጥሩን ካልሰጣችሁኝ አልሄድም አልኩ። ሰጡኝ። የጓደኛዬ ካርድ ላይ "በማሽን" ይላል፣ ግን "በሥራ ላይ" አይልም። ነገ አብረን ሄደን እናስተካክላለን።

አሠሪያችን ትናንት ማታ መከላከያውን ራሱ ገጠመው። አቧራውን እንኳን አልጠረገውም። የስልክ ቁጥሩ አሁንም ይነበባል።