እጅ ስላወጣች ነው ወይስ ስላመነች?

ቆፍጣናው፦ አንድ አሠልጣኝ «ሰው ተወያይቶ ሲወስን በገዛ ፈቃዱ ይለወጣል» ሲሉ ሰምቼ ተናድጄ ነው የመጣሁት። ማስረጃቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የኩርት ሌዊን ጥናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የቤት እመቤቶች ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ተመከሩ። ንግግር ከሰሙት 3 በመቶ፣ ከተወያዩት 32 በመቶ አበሰሉ። እሺ፣ ጥሩ። ግን በውይይቱ መጨረሻ «የምታበስሉ እጅ አውጡ» መባላቸውን ለምን ዘለሉት? ሰው ሁሉ እያየሽ እጅሽን አንሺ ተብለሽ፣ የቱ ጋ ነው ገዛ ፈቃዱ?

ልባም፦ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው እኮ ወንድሜ! ደግሞ ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ማን ያያታል?

ቆፍጣናው፦ ራስህ መለስከው። ማንም ሳያያት ያበሰለችው «ሌሎቹም ያበስላሉ» ብላ ነው። ኢዲት ቤኔት የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ውይይቱንና ውሳኔውን ነጣጥላ ስታይ፣ ውይይቱ ለብቻው ያን ያህል አልሠራም። የሠራው መወሰኑና «አብዛኞቻችን ተስማምተናል» የሚለው ስሜት ነው።

ልባም፦ ታዲያ መወሰን የሷ ፈቃድ አይደለም? ወይስ ፈቃድ የሚባለው ብቻህን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለህ የምትወስነው ብቻ ነው?

ዝምተኛዋ፦ እኔ አንዴ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ?» ሲባል እጄ ጠረጴዛ ሥር ነበር። ከጎኔ ያለችው ስታነሳ ክርኔ አብሮ ተነሳ። ለሐሳቡ ይሁን ለሷ እስካሁን አላውቅም።

ልባም፦ ክርንሽ የራሱ ፈቃድ አለዋ 😂 ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን በቡድን ሰብስቦ የመስመር ርዝመት ያስለየበትን ሙከራ እዩት። ሌሎቹ ሁሉ ተመሳጥረው ሆን ብለው ሲሳሳቱ እንኳ ከአራት ተፈታኝ አንዱ ገደማ አንዴም አልተከተላቸውም። ሰው በግ አይደለም።

ቆፍጣናው፦ ሦስቱንስ የት ጣልካቸው? ቢያንስ አንዴ ተከትለዋል! ያውም በዓይናቸው በሚያዩት ነገር። አንድ እውነት የሚናገር ሰው ሲጨመር ደግሞ ስህተቱ ክፉኛ ቀነሰ። ይኸው፣ ጉዳዩ ከጎንህ ማን አለ ነው።

ዝምተኛዋ፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ለምንድን ነው ሴቶቹ ብቻ የተሰበሰቡት?

ልባም፦ ቤት የሚገባውን ምግብ የምትወስነው እሷ ናት ብሎ ነዋ። ሌዊን በር ጠባቂ ነው ያላት።

ዝምተኛዋ፦ አይ በር ጠባቂ! ባልየው አልበላም ካለስ? እሱን ማን አወያየው?

ቆፍጣናው፦ ርዕስ አታስቀይሩኝ። እጅ ማውጣቱን እስካሁን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም።